ማዕድኑ ቢቆም ውኃው አይቆምም

(ከአንድ ዘማች ተማሪ)

አንድ የማዕድን ማውጫ ሥራ ሲያቆም በአካባቢው ሁሉም ነገር የቆመ ይመስላል። ከባድ መኪና አይመላለስም። የደማሚት ድምፅ አይሰማም። አቧራው ይቀንሳል። በር ላይ ዘበኛ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ግማሹ ሰው «እፎይ፣ ተገላገልን» ይላል። ግማሹ ደግሞ «እንጀራችን ተዘጋ፣ መቼ ይከፈት ይሆን?» እያለ ይጠይቃል። ሁለቱም ወገን ግን አንድ ነገር ይረሳሉ። ማሽኑ ቢተኛም ከመሬት በታች ያለው ውኃ አልተኛም። ሌት ተቀን ይሄዳል። ድንጋዩን ያጥባል። ያጠበውንም ይዞ ወደ ምንጫችንና ወደ ጉድጓዳችን ሊመጣ ይችላል።

ውድ አንባቢዎች፣ አባቶቼና እናቶቼ! ዛሬ ልናገር የፈለግሁት ስለዚህ ውኃ ነው። ሐሳቤ አጭር ነው። ማዕድን የቆመበት ጊዜ የምርመራ ጊዜ ነው። በማውጫው ዙሪያ ያለው እያንዳንዱ ምንጭና ጉድጓድ በዚያ ጊዜ መለካትና መመዝገብ አለበት። መዝገቡም ውኃውን በሚጠጣው ሕዝብ እጅ መኖር አለበት። ቢያንስ የአንድ ሙሉ ዓመት፣ የክረምትም የበጋም መዝገብ ሳይኖር «ማውጫው እንደገና ይከፈት» መባል የለበትም። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ድንጋይ ውኃን እንዴት ያበላሻል?

በምናስተምርበት ጣቢያ አንድ አባት «ድንጋዩ ከጥንት ጀምሮ እዚያው ነበር። ውኃውም እዚያው ነበር። ታዲያ ዛሬ ምን አጣላቸው?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ አየር ነው።

ወርቅ፣ መዳብ ወይም ዚንክ በሚገኝበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አብሮ ይገኛል። ላላወቀው ሰው ራሱ ወርቅ ይመስላል። ስሙ ፒራይት ይባላል። የተሠራው ከብረትና ከድኝ ነው። ይህ ድንጋይ ተቀብሮ፣ አየር ሳያገኘው እስከኖረ ድረስ ብዙም አይጎዳም። ሰው ቆፍሮና ሰባብሮ ሲያወጣው ግን አየርና ውኃ ያገኙታል። ያን ጊዜ ከድኙ አሲድ ይፈጠራል። በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ዓይነት አሲድ ማለት ነው። አሲዱም በተራው ሌላውን ድንጋይ እየበላ መዳብ፣ ዚንክ፣ ካድሚየምና አርሴኒክ የመሳሰሉትን ወደ ውኃው ያስገባል። ብረቱ ደግሞ ይዝግና በወንዙ ዳር እንደ ብርቱካን ቀለም ያለው ጭቃ ሆኖ ይተኛል።

ሁሉም ማዕድን እንዲህ ነው ማለት አይደለም። የኖራ ድንጋይ በብዛት ባለበት ቦታ አሲዱ ይበርዳል። አርሴኒክ ግን አሲድ በሌለበት ውኃም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ በግምት መናገር አያዋጣም። መለካት ያስፈልጋል።

የወርቅ ማውጫ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ትልልቅ ማውጫዎች ወርቁን ከድንጋዩ ለመለየት ሲያናይድ የተባለ ብርቱ መርዝ ይጠቀማሉ። በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎችም በአንዳንድ ቦታ ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ፣ ይጠቀማሉ። ወርቁ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጭቃ ዝቃጭ ይባላል። በግድብ ይጠራቀማል። ሥራው ሲቆም ዝቃጩ የትም አይሄድም። ዝናብ ይዘንብበታል። ግድቡን ነቅቶ የሚጠብቅ ከሌለ ዝቃጩ ሊሰርግ ወይም ጨርሶ ሊፈስ ይችላል።

አሁን ደግሞ ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ውኃ ይፈልቃል። ስለዚህ ባለቤቶቹ ሥራው እስካለ ድረስ ውኃውን በፓምፕ እየሳቡ ያወጡታል። በዚህ የተነሳ በአካባቢው ያለ ምንጭ ሊቀንስ ወይም ሊደርቅ ይችላል። ሥራው ቆሞ ፓምፑ ሲዘጋ ውኃው ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይመለሳል። የተሰባበረውን ድንጋይ ሁሉ እያጠበ ከታች ወደ ላይ ይሞላል። ደርቆ የነበረ ምንጭም ሊመለስ ይችላል። ሰው «ምንጫችን ተመለሰልን» ብሎ ይደሰታል። ግን የተመለሰው ውኃ የድሮው ውኃ ነው ወይ? ምን አልፎ መጣ? ያልመረመረ አያውቅም። ስለዚህ ማውጫ በቆመ ማግሥት ያሉት ዓመታት አደጋ የሌለባቸው ዓመታት አይደሉም። እንዲያውም አዲስ አደጋ የሚጀምርባቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ከሌላ አገር የተገኘ ትምህርት

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በሌላ አገር በተግባር ታይቷል።

በእንግሊዝ አገር፣ ኮርንዋል በተባለ ክፍለ ሀገር፣ ዊል ጄን የሚባል የቆርቆሮ ማዕድን ማውጫ ነበር። በ1983 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1991) ተዘጋ። ፓምፑም ቆመ። ውኃው ከመሬት በታች ያለውን ዋሻ ሁሉ እየሞላ ወጣ። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር 1984 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1992)፣ አንድ የዋሻ መዝጊያ ተበጠሰ። 50 ሚሊዮን ሊትር ያህል አሲድና ብረታ ብረት ያለበት ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ ወንዝ ተለቀቀ። እኛ በምናውቀው መለኪያ ቢቆጠር 2 ሚሊዮን ተኩል ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይሆናል። ወንዙና ባሕሩ የሚገናኙበት ቦታ ብርቱካንማ ሆነ። ከዚያ ማውጫ የሚወጣው ውኃ ዛሬም በገንዘብ እየተጣራ ነው። ማውጫው ከተዘጋ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወጪው ግን አልተዘጋም።

በአሜሪካ አገር፣ በሞንታና፣ ቢዩት በተባለች ከተማ አጠገብ ደግሞ በርክሊ የሚባል ትልቅ የመዳብ ጉድጓድ አለ። በ1974 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1982) ፓምፖቹ ቆሙ። ጉድጓዱ በአሲድ ውኃ እየሞላ ሐይቅ ሆነ። በ1988 ዓ.ም. ኅዳር ወር (በፈረንጅ 1995) 342 ዝይዎች በዚያ ሐይቅ ላይ አርፈው ሞቱ።

ነገር ግን በቢዩት አንድ መልካም ነገር ተደረገ። በጉድጓዱ ዙሪያ የመመልከቻ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። የውኃው ከፍታ በየጊዜው ተለካ፣ ተጻፈ። «ውኃው ከዚህ ከፍታ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ወደ ወንዙ ይሄዳል» ተብሎ ወሰን ተቀመጠ። መዝገቡ በየዓመቱ ውኃው ስንት እንደወጣ ስለሚናገር፣ ወሰኑ ላይ ሳይደርስ በ2012 ዓ.ም. (በፈረንጅ 2019) ውኃውን እየሳቡ፣ እያጣሩ መልቀቅ ተጀመረ። በዊል ጄን ውኃው ሰውን ቀደመው። በቢዩት ግን መዝገቡ ውኃውን ቀደመው።

በአገራችን

በአገራችንም ይህ ነገር ተነሥቷል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጉጂ፣ በሻኪሶ አካባቢ፣ የለገደምቢ የወርቅ ማውጫ አለ። በዙሪያው የሚኖሩ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ለብዙ ጊዜ አቤት ሲሉ ቆዩ። ልጆች አካላቸው ጎድሎ ይወለዳሉ፣ ሴቶች ያስወርዳቸዋል፣ ከብት ይታመማል፣ ይህ ሁሉ ከማውጫው በሚወጣ መርዝ ነው አሉ። በ2010 ዓ.ም. ሕዝቡ ተቃውሞ አነሣ። በግንቦት ወር መንግሥት ጥናት እስኪደረግ ብሎ ፈቃዱን አገደ። ማውጫው ቆመ። በ2013 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በፈረንጅ 2023 ባወጣው ዘገባ፣ ሥራው የቀጠለው በሕዝቡ ጤና ላይ የደረሰው ጉዳት መፍትሔ ሳያገኝ ነው ሲል ወቅሷል።

እኔ ከዚህ የምማረው ይህን ነው። አንድ ማውጫ ሦስት ዓመት ያህል ሊቆምና ሊከፈት ይችላል። ሦስት ዓመት ማለት ሦስት ክረምትና ሦስት በጋ ነው። በማንኛውም ቦታ እንዲህ ያለ ጊዜ ሲገኝ እንደ ወርቅ መያዝ አለበት። ምክንያቱም ማውጫው ከተከፈተ በኋላ ክርክር ሲነሣ አንዱ «ውኃው ተበላሸ» ይላል፤ ሌላው «ድሮም እንዲሁ ነበር» ይላል። ዳኛው ማን ነው? ዳኛው የትናንቱ ልኬት ነው። የትናንቱ ልኬት ከሌለ የዛሬው ልኬት ግማሽ ምስክር ብቻ ነው። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

አንዳንድ ሰዎች የሚሉት

«ውኃችን ጥርት ያለ ነው፤ ምን ይመረመራል?» የሚሉ አሉ። ጥርት ማለቱ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። አርሴኒክ ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። ጣዕም የለውም። የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ከዚህ አይብለጥ ያለው መጠን በአንድ ሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አስሉት። አንድ ግራም አርሴኒክ 100,000 ሊትር ውኃን እስከዚህ ወሰን ያደርሳል። 5,000 ጄሪካን ማለት ነው። ይህን ዓይን አያየውም፤ ምላስም አያውቀውም። ኧረ እንዲያውም የተጠረጠረ ውኃን በምላስ ቀምሶ መመርመር ራሱ አደጋ ነው።

«አፍልተን እንጠጣለን» የሚሉም አሉ። ማፍላት ለተቅማጥና ለሌላው በተዋሲያን ለሚመጣ በሽታ ትልቅ መድኃኒት ነው፤ አትተዉት። አርሴኒክንና እርሳስን ግን አይገድልም፤ ሕይወት የላቸውማ! ውኃው ሲፈላ በእንፋሎት ይቀንሳል፤ እነሱ ግን እማሰሮው ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ በቀረው ውኃ ውስጥ መጠናቸው እንዲያውም ይጨምራል።

«ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ገበሬ ምን አገባው?» የሚሉም አይጠፉም። የላቦራቶሪ ምርመራ የባለሙያ ሥራ መሆኑ እውነት ነው። ግን ባለሙያ በዓመት አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ቢመጣ ነው። ምንጩ የሚፈሰው በዓመት 365 ቀን ነው። የመጀመሪያው የክረምት ጎርፍ የወረደበትን ጠዋት የሚያየው ማን ነው? ቀለሙ የተለወጠበትን ቀን የሚያውቀው ማን ነው? በየዕለቱ እንስራ ተሸክማ የምትወርደው እናት ናት፤ ከብት የሚያጠጣው እረኛ ነው። ባለሙያው ዕውቀት አለው፤ ነዋሪው ዓይን አለው። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

«ማዕድኑ ለልጆቻችን ሥራ ይሰጣል፤ ነገር አታንሡብን» የሚሉ ወገኖችም አሉ። እነዚህን አልነቅፍም። መሬት በጠበበበት አካባቢ ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ደመወዝ ለአንድ ቤት ይገባል፤ ውኃ ለሁሉም ቤት ይገባል። ማውጫው አንድ ቀን ያልቃል፤ ምንጩ ግን ለልጅ ልጅ ነው። ደግሞም ትክክለኛ መዝገብ ለባለ ማውጫውም ይጠቅማል። ያላጠፋውን እንዳይከሰስ ያደርገዋል። ለምሳሌ በስምጥ ሸለቆ ጥርስ የሚያበልዝ ፍሎራይድ በውኃ ውስጥ አለ። ይህን ያመጣው ማዕድን ቆፋሪ አይደለም፤ ተፈጥሮ ነው። መዝገብ ለማንም አያደላም። እውነት የያዘ ሰው መዝገብ አይፈራም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። ከባድ አይደለም። አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ ጄሪካን፣ አንድ ሰዓትና አንድ ገመድ ይዛችሁ ልትጀምሩት ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ በማውጫው ዙሪያ ያሉትን ምንጮችና ጉድጓዶች በሙሉ ቁጠሩ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡት። ከማውጫው በታች ያሉትን ብቻ አትያዙ። ከማውጫው በላይ፣ ውኃው ሳይደርስበት ያለ አንድ ምንጭም ጨምሩ። የላይኛውና የታችኛው አብረው ከተለወጡ ምክንያቱ ዝናብ ወይም ድርቅ ሊሆን ይችላል። የታችኛው ብቻ ከተለወጠ ግን «ለምን?» ማለት ይገባል።

ሁለተኛ፣ በየወሩ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ለኩ። አንድ ጊዜ ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ማታ፣ አንድ ጊዜ ከላይ፣ አንድ ጊዜ ከታች የተለካ ነገር ለማወዳደር አይመችም።

ሦስተኛ፣ የምንጩን ጉልበት ለኩ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከምንጩ ሥር አድርጉና በስንት ሰኮንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ። በ40 ሰኮንድ ከሞላ ምንጩ በደቂቃ 30 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። በሰዓት 1,800 ሊትር፣ በቀን 43,200 ሊትር ይሆናል። ይህን ሒሳብ በማታው ክፍል ሠርታችሁ አሳዩ። የጉድጓድ ውኃ ከሆነ በየክንዱ ቋጠሮ ያለው ገመድ ከጫፉ ንጹሕ ድንጋይ ታስሮ ይውረድ። ውኃውን እስኪነካ ስንት ቋጠሮ እንደወረደ ጻፉ። ገመዱ ለዚህ ሥራ ብቻ ይቀመጥ። የቆመ ማውጫ ጉድጓድ አጠገብ ግን እንዳትጠጉ፤ አፋፉ ይናዳል።

አራተኛ፣ ያያችሁትን ጻፉ። ቀለሙ እንዴት ነው? ሽታ አለው? ብርቱካንማ ጭቃ ተኝቶበታል? እንቁራሪትና ትናንሽ ነፍሳት አሉ ወይስ ጠፍተዋል? ከጤና ጣቢያ ወይም ከትምህርት ቤት አሲድ የሚለይ ወረቀት ሊገኝ ይችላል። ወረቀቱ ውኃ ሲነካው ቀለሙ ይለወጣል፤ በቀለሙም ቁጥር ይነበባል። 7 ማለት ልከኛ ነው። ከ7 ወደ ታች በወረደ ቁጥር አሲድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለመጠጥ ተስማሚ የሚባለው ከ6 ተኩል እስከ 8 ተኩል ነው። የምንጫችሁ ቁጥር ለወራት 7 ሆኖ ቆይቶ አንድ ቀን 5 ቢሆን ዝም አትበሉ።

በደብተሩ ላይ የሚጻፈው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ምንጭ ቁጥር 3። ኅዳር 5 ቀን። ጠዋት 1 ሰዓት። ጄሪካን የሞላበት ጊዜ 40 ሰኮንድ። ቀለም ጥርት ያለ። ሽታ የለውም። የወረቀት ልኬት 7። ባለፉት 3 ቀናት ዝናብ አልዘነበም። የለካው ሰው ስምና ፊርማ። የመሰከረው ሰው ስምና ፊርማ።»

አያችሁ? ይህን ለመጻፍ አሥር ዓመት ትምህርት አያስፈልግም። ከፊደል ገበታ እስከ ቁጥር የተማራችሁት ይበቃል። እኔ እንደሚመስለኝ መዝገብ ያዡ ሴት ብትሆን ይሻላል። ውኃ የምትቀዳው እሷ ናት። ለውጡን ከማንም በፊት የምታየውም እሷ ናት። ማንበብና መጻፍ የተማረች እናት ስሟን ብቻ ጽፋ የምትቀር ከሆነ ትምህርቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

አምስተኛ፣ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በክረምት አንዴ በበጋ አንዴ፣ ውኃው ወደ ላቦራቶሪ እንዲላክ ጠይቁ። በዚህ ላይ ባለሙያው መምጣት አለበት። ለብረታ ብረት የሚመረመር ውኃና ለሲያናይድ የሚመረመር ውኃ በአንድ ጠርሙስ አይሄዱም። ለእያንዳንዱ የሚጨመር የተለያየ መጠበቂያ መድኃኒት አለ፤ በቅዝቃዜም መያዝ አለባቸው። በዘይት ጠርሙስ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ፀሐይ እየመታው የተላከ ውኃ ትክክለኛ መልስ አይሰጥም። የእናንተ ድርሻ ሲቀዳ አጠገቡ መቆም ነው። ከየትኛው ምንጭ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት እንደተቀዳ በደብተራችሁ ጻፉ። የጠርሙሱን ቁጥርም ገልብጡ። ሲሆን ሲሆን ከአንዱ ምንጭ ሁለት ጊዜ ተቀድቶ ወደ ሁለት የተለያዩ ላቦራቶሪዎች ቢላክ መልካም ነው።

ስድስተኛ፣ ውጤቱን በጽሑፍ ጠይቁ። «ደህና ነው» የሚል የቃል መልስ አይበቃም። ስንት ሆኖ ተገኘ? ወሰኑስ ስንት ነው? ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ይምጡ። አንድ ቅጂ በማኅበሩ ቢሮ፣ አንድ ቅጂ በትምህርት ቤት፣ አንድ ቅጂ በጤና ጣቢያ ይቀመጥ። አንዱ ቢቃጠል ሁለቱ ይተርፋሉ።

ሰባተኛ፣ መጥፎ ሆኖ የተገኘ ምንጭ ምልክት ይደረግበት። በባንግላዴሽ አገር አርሴኒክ በጉድጓድ ውኃ ውስጥ በተገኘ ጊዜ ከወሰን ያለፈው ጉድጓድ ፓምፑ ቀይ፣ ደህናው አረንጓዴ ተቀባ። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ ከየትኛው እንደሚጠጣ ያውቃል። እኛም እንዲህ ማድረግ እንችላለን። ምልክቱ እስኪነሣ ድረስ ከሌላ ምንጭ እንቅዳ፤ ሩቅ ከሆነም በተራ እንረዳዳ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ?

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው

«ብንጽፍስ ማን ይሰማናል?» እንዳትሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ በአንቀጽ 11 ትልቅ በር ከፍቷል። አካባቢን ጎድቷል ወይም ሊጎዳ ይችላል በሚባል ሰው ወይም ድርጅት ላይ ማንም ሰው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ብሏል። «አንተን በግል ምን ነካህ?» ተብሎ አይመለስም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችልም አዋጁ ደንግጓል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። 30 ቀን የሚቆጠረው አቤቱታው ገቢ ከሆነበት ቀን ነው። ስለዚህ አቤቱታ ስታስገቡ ቅጂው ላይ ቀን አስጽፉ፣ ማኅተም አስመቱ። ከአቤቱታው ጋር የምንጭ ደብተራችሁን ገልብጣችሁ አያይዙ። ባዶ እጁን የሄደ ሰው «ውኃችን ተበላሽቷል» ይላል። ደብተር ይዞ የሄደ ሰው ግን «ምንጭ ቁጥር 3 እስከ ጥር ድረስ 7 ነበር፤ በየካቲት 5 ሆነ፤ የላይኛው ምንጭ ግን ዛሬም 7 ነው» ይላል። የትኛው ንግግር ይከብዳል? ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ከባለሥልጣኖችና ከባለ ማውጫዎችም የምጠይቀው አለ። የውኃ ምርመራ ውጤት ምሥጢር መሆን የለበትም። ውኃውን የሚጠጣው ሕዝብ የውኃውን ቁጥር ማወቅ አለበት። ውጤቱ በገበያ ቀን፣ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ፣ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችልም ይነበብ። ማውጫ ሲቆም ለዘበኛ ደመወዝ እንደሚከፈል ሁሉ ለውኃ ምርመራም ይከፈል። ዘበኛው የሚጠብቀው ብረትና ማሽን ነው። ምርመራው ግን የሰው ሕይወት ይጠብቃል።

አባቶቼና እናቶቼ! «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። መሬት ውስጥ የገባ መርዝ እንደ እሳት ጭስ የለውም። በዚህ ዓመት ገብቶ ከዓመታት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ለመጮህ ሳይሆን ዛሬ ለመጻፍ እንነሣ። በአካባቢያችሁ የቆመ ማውጫ ካለ በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ላይ ይህን ጉዳይ አንሡ። የምንጮቹን ቁጥር ወስኑ፤ መዝገብ ያዥና ምስክር ምረጡ፤ የመጀመሪያውን ልኬት የምትወስዱበትን ቀን ቁረጡ። እኛ ዘማች ተማሪዎችም ደብተሩን በማስመርና ሒሳቡን በማሳየት ከጎናችሁ እንቆማለን። እኛ ስንሄድ ግን እርሳሱ በእናንተ እጅ ይቀራል።

ማውጫው ይከፈት አይከፈት ነገ ክርክር ይኖራል። ያ ክርክር ሲመጣ የምንጩ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ይኑር።